የመበለቲቱ አቤቱታና የእኛ ኃላፊነት

(በዱርቤቴ ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



 

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ይህ ነው፤ መንግሥት ስለ ድሆችና ስለ ደካሞች እንክብካቤ ሲወስን ሕዝቡን ማማከር አለበትን? ምክክሩ ሳይደረግ ሲቀር ወይም ለስም ብቻ ሲደረግስ ዜጋው በሕግ ፊት ምን ማድረግ ይችላል? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርሁ፤ ከዚያ ወዲህ በልማት ሥራ ላይ ነኝ። በአባቶች ፊት ይህን ለመናገር የደፈርሁት አንዲት እናት ስላስተማረችኝ ነው፤ ስለዚህ ከእርስዋ ልጀምር።

የአንዲት እናት ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጉዳዩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉትን ቤተሰቦች መለየት ነበር። ሕዝቡ በጠዋት ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወረቀቱ ግን ከስብሰባው በፊት ተጽፎ አልቆ ኖሮአል። ስም ተነበበ፤ «ተቃውሞ ያለው አለን?» ተባለ፤ ሁሉም ዝም አለ፤ ተጨበጨበ፤ ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ጊዜው የአረም ነበርና ሁሉም ቶሎ በመለቀቁ ደስ ብሎት ወደ ማሳው ሄደ። እኔም እንግዳ ሆኜ ተቀምጬ ነበር፤ ከሌሎቹ ጋር አጨብጭቤአለሁ።

በሳምንቱ አንዲት መበለት ዘንድ ሄድሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አላት፤ ልጁን ለብቻው ትታ ከደጅ ስለማትርቅ ስብሰባው ላይ አልተገኘችም። ስሟም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ «ላም አላት» ተብሎ ተጽፎባታል። ላሟ ግን በርቢ የተሰጠቻት፣ የሌላ ሰው ንብረት ነበረች። ይህን ጎረቤቶቿ ሁሉ ያውቃሉ፤ ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች ግን አላወቁም። «ለምን አልተናገሩም፣ እናቴ?» ብላት «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህች እናት የተበደለችው በክፋት አይመስለኝም። ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሰዎች ሌት ተቀን የሚደክሙ ነበሩ። የተበደለችው በችኮላ ነው፤ ምክክር የተባለው ነገር ከውሳኔው በኋላ በመምጣቱ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ከተወሰነ በኋላ የሚደረግ ምክክርም እንዲሁ ነው።

የዚህች ወረዳ ታሪክ

ይህን ነገር በዱርቤቴ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ጥቂት ወረዳዎች ብቻ ተመርጠው ነበር። በአማራ ክልል የተመረጡት ሦስት ናቸው፤ ተሁለደሬ፣ ፎገራና ዱርቤቴ ከተማዋ የሆነችው ይህችው ደቡብ አቸፈር። እንግዲህ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች የተስፋፋው አሠራር ከመጀመሪያዎቹ ደጆች በአንዱ የገባው በዚህ ነው።

አሠራሩ ሲጀመር ምክክር በውስጡ ነበረ። ቀበሌው አባል ይሁን አይሁን የሚለው ነገር በቀበሌው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቀርቦ ሕዝቡ እንዲወስን ተደርጎ ነበር። ጉባኤው ከተቀበለው በኋላም እያንዳንዱ ቤተሰብ በፈቃዱ ይመዘገብ ነበር፤ ከተመዘገበ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይገባ ነበር እንጂ የታመመው ብቻ ተለይቶ አይገባም ነበር። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው መዋጮውን እንዲሸፍኑላቸው፣ እነዚህም ድሆች በየቀበሌያቸው ተለይተው እንዲታወቁ ተወሰነ። ለዚህ የሚመደበው ገንዘብ ልክ ስላለው አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል። የመምረጡ ነገር ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ሲወጣ የጤና መድኑ፣ የሴፍቲኔቱ፣ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በአንድ ጥላ ሥር ታሰቡ። በየቀበሌው የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት እየተባለ እድሮች፣ የሃይማኖት ተቋማትና ነዋሪዎች የሚገኙበት ኅብረት የተቋቋመባቸውም ብዙ ስፍራዎች አሉ። እንግዲህ ለምክክር የሚሆን ስፍራ የለም ማለት አንችልም። ጥያቄው በዚያ ስፍራ የድሀው ድምፅ ይሰማል ወይ የሚለው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ስለዚህ ነገር ከምናስበው በላይ ይናገራል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም የራሳቸውን ማኅበረሰብ በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅና አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ያስገነዝባል።

ታዲያ ይህ ሲጣስ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላልን? አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው ሌላ አካል ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል፤ ማኅበርም ስለ አባላቱ ሊያቀርብ ይችላል። «በፍርድ ሊወሰን የሚገባው» የሚለው ቃል ግን ጠባብ በር ነው። ፍርድ ቤቶቻችን የአስተዳደርን ውሳኔ ለመመርመር ለረጅም ጊዜ ሲያመነቱ ኖረዋል፤ ነገሩ ሕገ መንግሥትን መተርጐም የሚጠይቅ ከሆነም ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመራል፤ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 በሩን ጥቂት አሰፋው። በዚህ አዋጅ መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል ይኖርበታል፤ ይህን ሥርዓት ሳይከተል የወጣ መመሪያም በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ አዋጁ የሚያዝዘው የፌዴራሉን አስፈጻሚ አካላት ነው። ከዋርካ ሥር የተነበበውን የቀበሌ ዝርዝር ይዞ በዚህ አዋጅ መክሰስ አይቻልም። ይህን የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ማንም ወንድም ድሀዋን እናት ወደማይከፈት በር ወስዶ እንዳያደክማት ነው።

በሌላ አገር የሆነው

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ምክር ቤቶች ስለ ድሆችና ስለ ደካሞች ሲወስኑ ብዙ ጊዜ ተከስሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በለንደን ብሬንት በተባለው ክፍል ስለ ትምህርት ቤቶች መዘጋት በተነሣ ክርክር አራት ነገሮች እንደ መለኪያ ተቀመጡ። አንደኛ፣ ምክክሩ ሐሳቡ ገና ሳይቆረጥ ይደረግ። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ አስቦ ይመልስ ዘንድ በቂ ምክንያት ይነገረው። ሦስተኛ፣ በቂ ጊዜ ይሰጠው። አራተኛ፣ የተናገረው ነገር በቅን ልብ ይታሰብበት። እነዚህን አራቱን በማስታወሻችሁ ብትጽፉአቸው ለቀበሌ ስብሰባም፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤም ይጠቅማሉ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፓሜላ ኮፍላን የተባለች በመኪና አደጋ ክፉኛ የተጎዳች ሴት የምትጦርበት ቤት እንዳይዘጋ ተሟግታ ረታች። የይግባኙ ፍርድ ቤት ያሸነፈችው ምክክሩ ጎደለ ብሎ አልነበረም፤ በዚያ ቤት እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ ትኖሪያለሽ ተብሎ ቃል ስለ ተገባላት ነው። ለድሀ የተሰጠ ቃል በሕግም ፊት ክብደት እንዳለው ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ነገር እ.ኤ.አ. በ2014 ሆነ። ሃሪንጌይ የተባለው የለንደን ምክር ቤት ለድሀ ነዋሪዎች የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ ለመቀነስ ሕዝቡን አማከረ፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ሌላ አማራጭ የሌለ አስመሰለ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ አንዲት እናት ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰች፤ ፍርድ ቤቱም ምክክሩ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ ፈረደ። ሆኖም ምክክሩ እንደ ገና ይደረግ ብሎ አላዘዘም፤ ጊዜው አልፎ ነበርና። እናቲቱ እውነቱን አገኘች፤ የቀረባት ቅናሽ ግን በዚያ ፍርድ አልተመለሰም። ፍርድ ቤት ባለበት፣ ጠበቃ ባለበት አገር እንኳ ይህ ከሆነ፣ ዋናው ሥራ ከክሱ በፊት የሚሠራው መሆኑን እንረዳለን።

ለእኛ ቅርብ የሆነው መንገድ

በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው መንገድ ቀበሌው ራሱ ነው፤ ቅሬታው በጽሑፍ ቀርቦ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ቅጂው በእጅ መቅረት አለበት። ቀጥሎ በወረዳው አስተዳደር ያለው ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ከዚያም ዞን። ከዚህ ሁሉ በኋላ መፍትሔ ያጣ ሰው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል፤ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። አቤቱታ ለማቅረብ ክፍያ አይጠየቅም፤ ጠበቃም ማቆም ግድ አይደለም። ተቋሙ የአስተዳደር በደልን መርምሮ እርማት ያሳስባል። የተመረጡ ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የወሰኑትንና በፍርድ ቤት የተያዘውን ጉዳይ ግን አይመለከትም።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። ከ2001 ዓ.ም. አንሥቶ በአዋጅ ቁጥር 621 ምክንያት ከውጭ በሚመጣ እርዳታ የሚሠሩ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ ገብተው መሥራት ተከልክለው ነበር። ብዙዎቻችን እህል ስናድል ደፋሮች፣ ስለ መብት ስንጠየቅ ግን ዝምተኞች የሆንነው በዚያ ዘመን ነው። ያ ሕግ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮአል። ሕጉ ከተሻረ ቆይቶአል፤ ፍርሃቱ ግን በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ ገና አልተሻረም።

«ክርስቲያን ይከሳልን?»

አንዳንድ አባቶች «ልጄ፣ ለባለ ሥልጣን መታዘዝ ታዝዘናል፤ አቤቱታ ማብዛት የእኛ ሥራ አይደለም» ይሉኛል። ቃላቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንመልከት። የሰለጰዓድ ልጆች አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ርስት አልባ ሊቀሩ ሆነ፤ እነርሱም በሙሴ፣ በካህኑ፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ጠየቁ። እግዚአብሔርም ጥያቄአቸው ትክክል መሆኑን ነገረው፤ ለሕዝቡም ሁሉ ሥርዓት ሆነ። ሐዋርያው ጳውሎስ ያለ ፍርድ ሊገረፍ ሲል ሮማዊ ዜግነቱን ጠቀሰ፤ ፍርድ ሲጓደልበትም ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ጌታም በምሳሌው ያቀረበልን መበለት ዳኛውን እየተመላለሰች ያስቸገረች ናት።

ከሁሉም በላይ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን እናስታውስ። በዕለት ዕለት የምግብ እደላ መበለቶቻቸው ቸል ስለተባሉ ግሪክ ተናጋሪዎቹ አጉረመረሙ። ሐዋርያት አጉረምራሚዎቹን አልገሠጹም፤ ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው አማከሩ፣ ሕዝቡም ራሱ ሰባት ሰዎችን መረጠ። የተመረጡትን ሰዎች ስም ብታዩ የግሪክ ስም ነው። ቸል የተባለው ወገን በእደላው ላይ እጁን አገኘ ማለት ነው።

በአገራችንም ቢሆን አቤቱታ የባዕድ ትምህርት አይደለም። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚሉ አባቶች ልጆች ነን።

የራሳችን ጉድፍ

እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሴ መመለስ አለብኝ። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ለመርዳት ፕሮጀክት ጽፈን ነበር። ብርድ ልብስና ጥራጥሬ ብለን በጀት አስጸደቅን፤ ገንዘቡ መጣ፤ ዕቃው ተገዛ። ከዚያ በኋላ «የኅብረተሰቡ ተሳትፎ» የሚለውን የሪፖርት ክፍል ለመሙላት አረጋውያኑን ሰበሰብን። አንድ ዓይነ ስውር አባት ተነሡና «ልጆቼ፣ ብርድ ልብሱ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛን ግን የቸገረን ውኃ የሚቀዳልንና እንጨት የሚለቅምልን ሰው ነው። ይህን የምትጠይቁን ብርድ ልብሱን ከገዛችሁ በኋላ ነውን?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም። በሪፖርቱ ላይ ግን «ኅብረተሰቡ ተሳትፎአል» ብዬ ጽፌአለሁ። ይህን በፊታችሁ እናዘዛለሁ። ቀበሌውን ከመውቀሳችን በፊት አራቱን መለኪያዎች በራሳችን ፕሮጀክት ላይ እናውል።

የመበለቲቱ ፍጻሜ

ወደዚያች እናት ልመለስ። ከቀበሌው እድር ሰብሳቢ ጋር ሆነን አቤቱታ ጻፍን። እርስዋ ጣቷን አተመች፤ የላሟ ባለቤትም መጥቶ ቃሉን ሰጠ። ወረዳ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። በሦስተኛው ቅሬታ ሰሚው ዝርዝሩ እንደ ገና በሕዝብ ፊት እንዲታይ ደብዳቤ ጻፈ። በሁለተኛው ስብሰባ ሕዝቡ ዝም አላለም፤ እርስዋን ብቻ ሳይሆን ሌላም የተረሳ አንድ ሽማግሌ አስታወሰ። ነገር ግን የተመደበው ገንዘብ አልጨመረም፤ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር። እናቲቱ ገባች። የሽማግሌውን የዚያ ዓመት መዋጮ እድሩና አጥቢያችን ተካፍለው ከፈሉ። የእድሩ አባላት አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ በዚያ ቀን «የእናንተ ድሀ፣ የእኛ ድሀ» ያለ ማንም አልነበረም። ሕጉ ስብሰባውን አስደገመልን፤ የቀረውን ፍቅር መሸፈን ነበረበት።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ስብሰባ ተስተጓጉሎአል፤ ጤና ጣቢያዎችም ተጎድተዋል። ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ ድምፁ የሚጠፋው ድሀው ነው። ስለዚህ ስለ ሰላም እየጸለይን፣ በተቻለን ስፍራ ሁሉ እነዚህን ነገሮች እንድናደርግ እለምናችኋለሁ።

1. በየአጥቢያው ሁለት ሰዎች፣ አንዲቱ ሴት ብትሆን መልካም ነው፣ የቀበሌውን ስብሰባ እንዲከታተሉና የሆነውን እንዲጽፉ ይመረጡ።

2. ከስብሰባ በፊት ከቤት መውጣት የማይችሉትን፣ የታመሙትንና አስታማሚዎቹን በቤታቸው እንጠይቅ፤ ቃላቸውንም ይዘን እንሂድ።

3. ዝርዝር ሲነበብ ለማጨብጨብ አንቸኩል። የቀረ ሰው አለን ብለን በአክብሮት እንጠይቅ።

4. አቤቱታ ሲኖር በጽሑፍ፣ በቀንና በቅጂ ይሁን። ባለ ሥልጣኑን እንደ ጠላት አንቁጠር፤ መልካም ሲሠራም እናመስግነው።

5. በራሳችን ፕሮጀክቶች ላይ በጀት ከመጻፋችን በፊት ተረጂዎቹን እንጠይቅ።

ወገኖቼ፣ ያቺ እናት «ማን ጠየቀኝ?» ያለችው ለእኔ ነበር። አንድ ቀን ጌታም ስለ ተራቡትና ስለ ታመሙት ይጠይቀናል። ያን ጊዜ በስብሰባው ላይ ነበርሁ፣ አጨብጭቤአለሁ ብዬ መመለስ አልፈልግም።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላምን፣ ለሹማምንቶቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም የሚሰማ ጆሮ ይስጠን። አሜን።